ለጥቂት ወራት ኪራይ እድር መግባት

ወንድሜ ቦሌ ያገኘልን አፓርታማ ምንም አልጎደለውም። ሊፍት አለው፣ ጄኔሬተር አለው፣ በር ላይ ኮፍያውን አውልቆ ሰላም የሚል ዘበኛ አለው። ቁርስ ምድር ቤት ይቀርባል። የእንግዳ ሰፈር ነውና መንገዱ ቀኑን ሙሉ ጎማ ባለው ሻንጣ ድምፅ ይንጓጓል። ወንድሜ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ አሳየኝ፤ በመጨረሻም መጋረጃውን ገለጠና፣ «አባዬ እዚህ ተቀምጦ አውሮፕላን ሲያርፍ ያያል» አለኝ።

«አባዬ መቼ ነው አውሮፕላን የወደደው?» አልኩት። «ዕድሜውን የፈጀው ባቡር ላይ ነው።»

«አንቺ ደግሞ!» አለ። ወንድሜ መልስ ሲያጣ የሚለው ይህንኑ ነው።

አባታችን የድሬዳዋ ሰው ነው። እናታችን ባረፈች በዓመቱ ግቢው ውስጥ ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። ስብራቱ ተጣሞ ገጠመ። ከዚያ ወዲህ ሰው ካልደገፈው በቀር ከአልጋው ወንበር ድረስ እንኳ መድረስ አይችልም ነበር። እኔን የጨነቀኝ ግን ከዳሌው ይልቅ ዝምታው ነው። ድሬዳዋ ላይ አንድ ሙሉ ሰፈር ሲያስቅ የኖረ ሰው «እሺ» እና «ይሁን» ብቻ የሚል ሆኖ ቀረ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሐኪም መረመረውና መገጣጠሚያውን አውጥቶ በብረት ሊተካለት ተስማማ። ተራው እስኪደርስ ጥቂት ወራት መጠበቅ ነበረበት፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም መራመድ እስኪለምድ ሌላ ጥቂት ወራት። ሐኪሙ አስረግጦ የነገረን ነገር አለ። ተራው ካመለጠው እንደገና ከወረፋው ጭራ ይጀምራል፤ እስከዚያ የእግሩ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ያን ጊዜ ብረት ቢገባለትም አይቆምም።

ስለዚህ አባቴ የሚያርፍበት ቤት መፈለግ ነበረብን። የወንድሜ ቤት በልጆች የተሞላ ነው፤ እኔም የምኖረው አልጋና ጠረጴዛ ከያዙት በኋላ መዞሪያ በማይተርፍ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ሥራዬ የመጻሕፍት አራሚነት ነው፤ የትም ተቀምጬ ልሠራው ስለምችል ከአባቴ ጋር የምኖረው እኔ እንድሆን ተስማማን። ያልተስማማነው ሰፈሩ ላይ ነው።

የራሴ የሰፈር መመዘኛ አለኝ። ሰው ይስቅብኛል፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ አላሳፈረኝም። ሻንጣ ይዤ አንድ ቦታ እቆማለሁ፤ ቆሜም «ምን ሆነሽ ነው?» የሚል ሰው እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ቦሌ፣ እዚያ ውብ አፓርታማ በር ላይ፣ እግሬ እስኪዝል ቆምኩ። ማንም አልጠየቀኝም። በመጨረሻ ያ ኮፍያውን የሚያወልቀው ዘበኛ መጣና፣ «እህት፣ እዚህ መቆም አይቻልም» አለኝ። ጉዳዩ እዚያው ላይ አለቀ። ያ ቤት ለሚመጣና ለሚሄድ ሰው መልካም ቤት ነው፤ አባቴ ግን መስኮት ሥር ተቀምጦ በሰው ሁሉ ፊት ሲጠፋ ታየኝ።

በማግስቱ ሻንጣዬን ይዤ ከከተማው ወጣሁ። መጀመሪያ ሱሉልታ ሄድኩ። እንጦጦን አልፌ ስወርድ ሜዳው ልብ ይሰርቃል፣ ሰዉም ገና ከሚኒባስ እንደወረድኩ ጠየቀኝ። ነፋሱ ግን ከቆዳ አልፎ አጥንት ይፈልጋል። ለድሬዳዋ ሰው፣ ያውም ዳሌው ለተሰበረ፣ ሱሉልታ የሚታሰብ አልሆነም። ቀጥዬ ሰበታ ሄድኩ። እዚያ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ «የት ነሽ? ልሸከምልሽ» ብሎ ሻንጣውን እንደ ከባድ ነገር ጎትቶ ሲያነሣው፣ ባዶ ነበርና ወደ ኋላው ሊወድቅ ተንገዳገደ። ከዚያም ሻንጣውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ አሁንም ሻንጣውን አየና ቀስ ብሎ አስቀምጦልኝ ሄደ። ሰበታን ወድጄው ነበር፤ ያየሁት ቤት ግን ከፋብሪካዎቹ ወደ አስፋልቱ የሚወጡት የጭነት መኪኖች ግድግዳውን እየታከኩት የሚያልፉ ነው።

ቡራዩ ላይ ሻንጣዬን መሬት አላስነካሁትም። አንዲት ባለሱቅ ከመደርደሪያዋ ኋላ ሆና እኔን ስታይ ቆየችና በርጩማ ይዛ ወጣች።

«ተቀመጪ» አለችኝ። «ሻንጣሽ ባዶ ነው አይደል? አያያዝሽ ያስታውቃል። ከባልሽ ተጣልተሽ ነው?»

«ባል የለኝም።»

«እሰይ፣ እንዲያውም ቀለለልሽ። ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ቤት እንደምፈልግ፣ ለማን እንደምፈልግ ነገርኳት። ሱቁን ለባሏ ትታ እጄን ይዛ በጎን ደረጃ ወደ ላይ ወሰደችኝ። ሱቁ ካለበት ሕንፃ ላይ ሁለት ክፍልና ሰፊ በረንዳ ያላት ቤት ነበረች። ከበረንዳው በገፈርሳ አቅጣጫ ባሕር ዛፉ ይታያል፤ ከሥር ሱቁ በር ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ አግዳሚው ላይ ሰው ይቀመጣል፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ እዚያ ቆሞ ሰላምታ ሳይሰጥ አይሄድም። እኔ ክፍሎቹን ገና ሳላይ አግዳሚውን ተከራየሁ ማለት ይቻላል።

አከራያችን፣ ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» ብቻ የሚላቸው፣ በኦሮምኛ «አቶ» እንደማለት ነው፣ ከዱሮ ጀምሮ እዚያው ሲያርሱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጊዜው ማስተር ፕላኑ የሰው ሁሉ አፍ ላይ የነበረበት ዓመት ነው። አዲስ አበባ ዙሪያዋን ወዳሉት ከተሞች ልትሰፋ ነው ይባላል፤ ገበሬው መሬቴ ሄደ ይላል፤ ወጣቱ ይቆጣል፤ ሁሉም ማታ ማታ የስልክ ወሬ ይጠብቃል። ኦቦ በረንዳው ላይ አብረውኝ ቆመው በጣታቸው ባሕር ዛፉን እያሳዩኝ፣ «እዚያ ድረስ የአባቴ ነበር። አሁን የቀረኝ ይሄ ቤትና ከኋላው ያለችው ማሳ ናት። እሷንም ይወስዱ እንደሆነ አላውቅም። አንቺ ግን ግቢ» አሉኝ። ኦቦ ሲናገሩ እንዲህ ናቸው፤ ቁጣቸውንና ቸርነታቸውን ባንድ ትንፋሽ ይናገሩታል።

ባለሱቋና ባሏ ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው፤ እሱ ከስልጤ፣ እሷ ከጅማ የመጡ። ዕቃዬን ባስገባሁ ቀን ገና ሳልቀመጥ፣ «እድር ተመዝገቢ» አለችኝ።

«እኔ እኮ የምቆየው ጥቂት ወር ነው።»

«ሞት ደግሞ ወር ይቆጥራል እንዴ? እዚህ እድር የሌለው ሰው የለም። ዳኛው አከራይሽ ናቸው፣ አሁኑኑ ንገሪያቸው።»

ተመዘገብኩ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ስልኩ ውስጥ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ለጥቂት ወር ኪራይ እድር የገባ ሰው ባገራችን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ!» አለ። ሳቁን ሲጨርስ ግን ድምፁ ተለወጠ። «ቆይ፣ አባዬን ልታሳክሚው ነው ልትቀብሪው? መንገዱ ተዘግቶ ሕክምናው ቢያመልጠው በማን ይፈረዳል? ያ ሰፈር ይገድለዋል፣ ነግሬሻለሁ።» ነገሩ ቆረቆረኝ። ሰፈሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የአባቴ እግር ደግሞ የኔ ምርጫ ላይ ተንጠልጥሏል። ይህን ለወንድሜ አልነገርኩትም።

አባቴ የመጣ ዕለት አራት ሰዎች ከነወንበሩ አንሥተው ደረጃውን አወጡት። በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ሊጠይቁት መጡና ከበሩ ላይ ሆነው፣ «አካም ቡልታን?» አሉት፣ እንዴት አደሩ ማለታቸው ነው። አባቴ ቀና አለ። ከዚያም አፉን ከፍቶ በሐረርጌ ኦሮምኛው የኦቦን፣ የሚስታቸውን፣ የልጆቻቸውን፣ የከብቶቻቸውን፣ የዝናቡን ደኅንነት እያከታተለ ጠየቀ። ኦቦ የምሥራቁ አነጋገር ጣማቸው መሰል፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አባቴ የሚያስቀውን ሰው አገኘ። ከዚያች ጠዋት በኋላ ዝም በል ብትሉትም ዝም አይልም።

አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ለንጉሥም ቢሆን «አንተ» ነው የሚለው። የእድሩን ዳኛ፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ የሚያናግራቸውን ሰው፣ አግዳሚው ላይ ጎናቸው ተቀምጦ «አንተ፣ ስማ እንጂ!» እያለ በክርኑ ይጎሽማቸዋል። የሰፈሩ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ደነገጠ። በሁለተኛው፣ ኦቦ ራሳቸው «አንተ ስባል ሃያ ዓመት ይቀንስልኛል» ብለው አወጁ፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

እንዲህ እያልን ታኅሣሥ ገባ፣ የአባቴም ተራ ደረሰ። ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ገብቶ እንዲተኛ ተነገረን። በዚያው ሰሞን ነው ነገሩ ሁሉ የከፋው። በአምቦ መንገድ ከኛ በላይ ካሉት ከተሞች በአንዱ የኦቦ ሚስት የወንድም ልጅ በተቃውሞ ሰልፍ መሀል በጥይት ተመትቶ ሞተ። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሲሰናዳ አንድ ሁለቴ ወደ አክስቱ ቤት መጥቶ አባቴን ደረጃ አውርዶታል። ግቢያችን ውስጥ የእድሩ ድንኳን ተተከለ። የኦቦ ሚስት ጥቁር ለበሱ። አባቴ በየቀኑ ተደግፎ እየወረደ ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰው ሲያለቅስ ያለቅሳል፣ ሰው ሲያወጋ ያወጋል።

እሑድ ዕለት ወንድሜ ደወለ። «መንገዱ ሊዘጋ ነው እየተባለ ነው። አሁኑኑ መጥቼ ልውሰደው፣ ማክሰኞ ከቦሌ ይሄዳል።»

ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት። ጥቂት ካዳመጠ በኋላ፣ «ልቅሶ ቤት ጥዬ የት ነው የምሄደው? እነዚህ ሰዎች ምን ይሉኛል? ነገ ሠልስቱ ነው፣ ከዚያ በኋላ ና» አለና ስልኩን መለሰልኝ።

ሰኞ መንገዱ ተዘጋ። ከኛ ሰፈር በታች፣ ወደ አስኮ በሚወስደው አስፋልት ላይ ድንጋይና የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋደመ። ሚኒባስ የለም፣ ባጃጅ የለም፣ ሱቁ እንኳ ግማሽ በሩን ዘግቶ ነበር። ባለሱቋ ባሏን ወደ ውስጥ አስገብታ እሷ ቁልፍ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ዋለች። በየሰዓቱ በረንዳው ላይ እየወጣሁ መንገዱን አየዋለሁ፤ መንገዱም ያው ነው። አባቴ አንዴ ብቻ፣ ወደኔ ሳያይ፣ «አይከፈትም እንዴ?» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ያ የዱሮው «እሺ» እና «ይሁን» ተመልሶ ሲመጣ ሰማሁት። የዚያን ቀን የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም።

ማክሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ ኦቦ በሩን አንኳኩ። አባቴን አልብሼው ነበር፣ የት እንደምወስደው ሳላውቅ። ያቺ ባዶ የነበረች ሻንጣ የሆስፒታል ልብሱንና አንሶላውን ይዛ በር ሥር ቆማለች። ኦቦ እሷን አይተው፣ «በይ ተነሺ» አሉኝ። «እድር ለሞተ ሰው ብቻ ነው ያለው ማነው? የታመመም ይሸከማል። ድሮ ሐኪም ቤት የምንሄደው በምን ይመስልሻል?»

ከዚያ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ኦቦን በኋላ ጠይቄያቸዋለሁ፣ ያንን ያህል ሰው ለመሰብሰብ ለምን ጡሩምባ እንዳስነፉ። «ሌላ መጥሪያ መች አለን?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በዚያ ሰፈር ግን በማለዳ የጡሩምባ ድምፅ ማለት አንድ ነገር ማለት ነው። ወንዱ ጋቢውን፣ ሴቱ ነጠላውን እየደረበ «ማነው? ማነው?» እያለ ከየበሩ ወጣ። በቅርብ የደረሱት ነገሩን ተረድተው እየሳቁ ቃሬዛውን ከእድሩ ዕቃ ቤት አመጡ። ከሩቅ የሰሙት ግን ጡሩምባውን ብቻ ነው የሰሙት።

አባቴን ቃሬዛው ላይ አስተኛነው። አራት ጎልማሶች አነሡት፣ ሌሎች ለቅያሬ ከጎን ከጎን ሆኑ፤ ኦቦ ከፊት፣ ሚስታቸው በጥቁር ልብሳቸው ከጎን፣ ባለሱቋ ከኔ ጋር ከኋላ። ከገፈርሳ በኩል የሚመጣው የታኅሣሥ ነፋስ ምላጭ ነበር። አባቴ የድሬዳዋ ሰው አይደል? ትንሽ እንደሄድን እናቴ የፈተለችለትን ባለ ሰማያዊ ጥለት ጋቢ ከእግሩ እስከ አናቱ ሳበና ፊቱን ሸፈነ።

ነገሩ የተበላሸው፣ ወይም የተቃናው፣ እዚህ ላይ ነው። በመንገዱ ዳር ያሉ ሰዎች የሚያዩትን አስቡት። ጡሩምባ ተነፍቷል። ቃሬዛ ላይ የተሸፈነ ሰው ተኝቷል። ከጎኑ ጥቁር የለበሰች ሴት ትሄዳለች። በዚያ ላይ ልቅሶ ያልገባበት ሰፈር በማይገኝበት ሰሞን። ባገራችን ደግሞ ቀብር ሲያልፍ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው የለም፤ ሟቹን ባያውቀውም ጥቂት ሸኝቶ ይመለሳል። አንዱ ከበሩ ተነሥቶ ተከተለን፣ ሌላው ተከተለ፣ ዘወር ብዬ ሳይ ከኋላችን መንገዱ ሞልቷል።

አንዲት የማላውቃት እናት እጄን ያዘችኝ። «ምንሽ ነው?»

«አባቴ ነው።»

ጉንጬን ስማኝ ማልቀስ ጀመረች። ደንግጬ፣ «ኧረ አልሞተም!» አልኳት።

«አዎ የኔ ልጅ፣ አልሞተም» አለችኝ እያባበለችኝ። «አባት መች ይሞታል? በልብሽ ውስጥ ነው ያለው።»

«አይደለም፣ በእውነት አልሞተም እኮ ነው የምልሽ!»

«እውነትሽን ነው፣ እውነትሽን ነው» አለችና ለጎረቤቷ ዞር ብላ፣ «ምስኪን፣ አልቀበልም አለች፤ እስቲ በዚያ በኩል ደግፊያት» አለቻት። አሁን በሁለት በኩል ተደገፍኩ። ሻንጣዬንም ሌላ ሰው ነጠቀኝ። ባለሱቋን ለርዳታ ባያት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ለሚያያት ሰው ሐዘን ነው፤ እኔ ግን አውቃታለሁ፣ ሳቅ ነበር።

ድንጋዩ ያለበት ደረስን። መንገዱን የዘጉት ወጣቶች ዱላና ድንጋይ ይዘው ቆመዋል፤ ፊታቸው በእንቅልፍ ማጣት ደርቋል። ከመሀላቸው አንዱ የኦቦን ሚስት አያቸው፣ ጥቁራቸውን አየ፣ «ዛሬም?» አለ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። «ካራ! ካራ ባና!» ብሎ ጮኸ፣ መንገድ ክፈቱ ማለቱ ነው። ግንዱን እየተረባረቡ አነሡት፣ ድንጋዩን አንከባለሉት፤ አልፎ ተርፎ አንዱ መጥቶ ትከሻውን ቃሬዛው ሥር አስገባ። ከሴቶቹ አንዷ አልቃሽ ነበረች መሰል፣ ባለሱቋን ስለ ሟቹ ጠየቀቻት፣ ባለሱቋም በሳቅ የታፈነ ድምፅ «ባቡር ላይ ይሠራ ነበር» አለቻት። ሴትየዋ ተቀበለችና በሙሾዋ አባቴን በረሃ ለበረሃ ባቡር እየነዳ አገር ያገናኘ ጀግና አደረገችው። ሰዉ አነባ። ጋቢው ውስጥ ያለው ሰውዬ አልተንቀሳቀሰም።

ከድንጋዩ ማዶ፣ ከአስኮ በኩል አንድ ሰው ክራቫቱ ወደ ጀርባው ዞሮ እየሮጠ ይመጣል። ወንድሜ ነበር። መኪናው እንዳያልፍ ስለተከለከለ ትቶት በእግሩ እየመጣ ነው። በመጀመሪያ እኔን በሁለት ሴቶች ተደግፌ አየኝ። ቀጥሎ የእናታችንን ሰማያዊ ጥለት አየ። የቃሬዛው እግር ሥር አስፋልቱ ላይ በጉልበቱ ወደቀ።

«ገደልሽው!» አለኝ። «ነግሬሽ ነበር! ነግሬሽ ነበር! ገደልሽው!»

ጋቢው ከውስጥ ተንቀሳቀሰ፣ ጫፉ ወረደ፣ የአባቴ ራስ ወጣ።

«ማንን ነው የገደለችው?» አለ።

የጩኸቱን ነገር ልነግራችሁ አልችልም። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ቃሬዛውን ሊለቀው ነበር፤ አልቃሿ ነጠላዋን ጥላ ሸሸች፤ ደጋፊዎቼ እኔን ለቀው እርስ በርሳቸው ተያያዙ። ከወጣቶቹ አንዱ «ጂራ! ሉቡን ጂራ!» እያለ ይጮሃል፣ አለ፣ በሕይወት አለ እያለ። አባቴ በክርኑ ቀና ብሎ አልቃሿን በዓይኑ ፈለጋት። «አንቺ፣ ነይ ወዲህ! ነጂ አይደለሁም፤ ትኬት ተቆጣጣሪ ነው የነበርኩት። የእውነቱ ቀን ሲመጣ አስተካክይው። ሌላው ሁሉ ግን ጥሩ ነው፣ እንዳትቀንሺ።»

ከሁሉ ቀድመው የሳቁት የኦቦ ሚስት ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ከሞተ ወዲህ ጥርሳቸውን ያየ አልነበረም። ሳቁ፣ ሳቃቸው መልሶ ለቅሶ ሆነ፣ እንደገና ሳቁ። ከዚያ መንገዱ ሙሉ ሳቀ። ኮፍያውን ያወለቀው ወጣት ብቻ ፊቱ ቀላ፤ «አታለላችሁን እንዴ?» አለ። ኦቦ ትከሻውን ይዘው፣ «እኛ አንድ ቃል አልተናገርንም፤ አልቅሳችሁ ያመጣችሁት ራሳችሁ ናችሁ። የታመመ ሰው ነው፣ ዛሬ ካልደረሰ እግሩ አይቆምም» አሉት። ወጣቱ አባቴን ጥቂት አየው፣ ኮፍያውን መልሶ አደረገ፣ «ታዲያ ምን ቆማችኋል?» አለና ያንኑ ትከሻውን ወደ ቃሬዛው ሥር መለሰ። ወንድሜም ከጉልበቱ ተነሥቶ ሱሪውን ሳያራግፍ ከማዶ በኩል ያዘ። ከታች ቆመው የነበሩት ፖሊሶች ቀብር መስሏቸው በክብር ቆመው አሳለፉን፤ ሟቹ እጁን እያወዛወዘ ሰላም ሲላቸው ግን ምን እንደሚያደርጉ ጠፋቸው።

አባቴን ወንድሜ ትቶት በመጣው መኪና አስገብተን በሰዓቱ ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሙ ከሥራው ወጣ ብሎ አባቴን ሲያይ ጋቢው ላይ አቧራ ነበረበት፣ ዓይኑም በሳቅ እንባ እርጥብ ነበር። «ፈርተዋል?» አለው። አባቴ፣ «ኧረ የኔ ነገር አልቋል፣ አስለቅሼ ነው የመጣሁት» አለው። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ዛሬም እጄ ይፈጥናል።

ከሆስፒታል በሚወጣበት ቀን ወንድሜ ቦሌ ሊወስደው አስቦ ሊፍቱን፣ ጄኔሬተሩን፣ ዘበኛውን እንደገና ዘረዘረ። አባቴ አስጨርሶት፣ «እሱ ሁሉ መልካም ነው፤ እኔ ግን እዚያ ብሞት የሚሰማ ሰው አለ?» አለው። ወንድሜ ወደኔ አየ። «አንቺ ደግሞ!» አለ፣ እኔ ምንም ሳልናገር። መኪናውን አዙሮ ወደ ቡራዩ ነዳ። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ደስታዬን እንዳያይብኝ ነው።

«ሟቹ መጣ!» ብሎ ነው ሰፈሩ የተቀበለው። ስሙም ያው ሆኖ ቀረ። «ሟቹ እንዴት አደሩ?» ይሉታል በአንቱታ፤ «ሟቹ ዛሬ ስንት ደረጃ ወረዱ?» ይሉታል። አራት ሰዎች ተሸክመው ያወጡት ደረጃ መለማመጃው ሆነ። ባለሱቋ ከታች ሆና ትቆጣዋለች፣ ኦቦ አግዳሚው ላይ ቦታ ይዘውለት ይጠብቁታል፤ ወርዶ እዚያ ሳይቀመጥ ወሬ አይጀመርም። በሁለት ክራንች ጀመረ፣ ወደ አንድ ዱላ ወረደ፣ በፋሲካ ሰሞን ዱላውን በየሰው ቤት መርሳት ጀመረ። «ጥቂት ወራት» ያልነው ጊዜ አለፈና ስለ መልቀቅ ያነሣ ሰው ጠፋ።

ክረምቱ ሲገባ የሆነውን ነግሬ ልጨርስ። አንድ እሑድ ወንድሜ ሊጠይቀን መጥቶ ሳለ የኦቦ ምራት ምጥ ያዛት። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ የሰፈሩን ጭቃ እስከ ጉልበት አድርሶታል፤ ባጃጅ አይገባ፣ አምቡላንስ አይገባ። ቃሬዛው ወጣ። ኦቦ ሰው ሲቆጥሩ አንድ ትከሻ ጎደለ። አባቴ ወደ ወንድሜ ዞሮ፣ «ምን ታያለህ? ያዝ!» አለው። ወንድሜ የእሑድ ጫማውን ተጫምቶ ነበር። ያዘ።

አባቴ ራሱ ከፊት ሆነ። ዱላውን እንደ ጠቋሚ ይዞ፣ ጠንካራውን መሬት ለተሸካሚዎቹ እየመረጠ፣ በብረት ዳሌው ጭቃውን እየሰነጠቀ ሄደ። ያንን ሰው ነበር ከነወንበሩ ተሸክመን ያስገባነው። ከኋላው እየተከተልኩ ጀርባውን አየሁ፤ የተሰማኝ ኩራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አስፋልቱ ላይ ስንወጣ አንድ መንገደኛ የተሸፈነውን ቃሬዛና የተከተለንን ሰው አየ። ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ኧረ የምትወልድ ናት!» ብሎ ጮኸበት አባቴ። «ባርኔጣህን አድርግና መንገድ ልቀቅ!»

ሰውየው ባርኔጣውን አደረገ፣ መንገድ ለቀቀ፣ ከዚያም ከኋላችን ተከተለ።